መያዣ የተቀመጡ ስልኮች

የካቲት 12 ቀን 2011 ዓ.ም፣ ማክሰኞ

ኮዱ ተለጠፈ። አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ቤተ መጻሕፍት ስሠራ፣ ግድግዳው ላይ «ዝምታ» ከሚለው ሌላ አዲስ ነገር ሲለጠፍ የመጀመሪያዬ ነው።

ያመጣው ናትናኤል ነው፤ የዚሁ የጎሽ ሜዳ ልጅ፣ አዲስ አበባ ኮምፒውተር ተምሮ እዚያው የሚሠራ። መዳፍ በሚያህል ካርድ ላይ የታተመ ጥቁርና ነጭ ነገር ነው፤ ኪውአር ኮድ ይሉታል። የመደርደሪያውን ካርድ በስልኩ ካሜራ ስካን ያደረገ ተማሪ የመማሪያ መጽሐፉንና ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች ወደ ስልኩ ያወርዳል። በሩ ላይ ያለው ካርድ ደግሞ የገባውን አንባቢ ይቆጥራል። አንድ ስልክ በቀን የሚቆጠረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው አለኝ፣ ማጭበርበር እንዳይኖር። ቁጥሩን እሱ አዲስ አበባ ሆኖ ያየዋል። የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ አቶ አገኘሁም ቢሮው ተቀምጦ ያየዋል፤ እኔም በስልኬ አየዋለሁ።

ጥበቃችን አያ ላቀው ቀረብ ብለው ካርዱን መረመሩት። «ይኼ ደግሞ የምን ክታብ ነው?» አሉ። ናትናኤል ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

የካቲት 13

አሥራ ዘጠኝ።

ወንበር አልበቃ ብሎ በአንዱ ሁለት ሁለት ሆነው ተቀምጠው ነበር። ኮዱ ግን አሥራ ዘጠኝ ይላል። ስልክ ያለው አሥራ ዘጠኝ ነዋ!

የካቲት 19

አቶ አገኘሁ አስጠራኝ። ከእሱ ጋር ድሮ አስተማሪዎች ሳለን አንድ ቤት ተከራይተን ኖረናል፤ አንድ ብርድ ልብስ የለበስንበት ክረምትም ነበር። አሁን «እርስዎ» እለዋለሁ። ተው አላለኝም።

«እንየው፣ እውነቱን ልንገርህ» አለኝ። «አዳራሹ ለስብሰባ ይሰጠን እያሉ የሚጮሁ ብዙ ናቸው። መቶ ሃያ ሰው የሚይዝ ሌላ ቤት በከተማው የለም። እስካሁን ይዤልሃለሁ። ግን በምን ልከራከር? አሥራ ዘጠኝ ሰው ያነብበታል ብዬ?»

«ስድሳም ሰባም ይገባል እኮ። አያ ላቀው በር ላይ የሚያስፈርሙትን መዝገብ ይመልከቱ።»

«የወረቀት መዝገብ ማንም ይሞላዋል። ይኼ ማሽን ነው፣ አይዋሽም። እስከ ግንቦት መጀመሪያ በቀን ሰማንያ አሳየኝ። ከዚያ በኋላ የሚነካህ የለም።»

ሰማንያ። ከየት አመጣለሁ? የእኔ አንባቢዎች አብዛኞቹ ከቆላው የመጡ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ናቸው። አራት አምስት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው፣ እሑድ እሑድ ስንቃቸውን ከአገር ቤት ተሸክመው እየመጡ ይማራሉ። በተከራዩት ክፍል መስኮት የለም፣ ጠረጴዛ የለም፤ ከአምስቱ አንዱ ሲተኛ መብራቱ ይጠፋል። የሚያነቡት እዚህ ነው። ሰኔ 3 ፈተና ይቀመጣሉ። አዳራሹ ከተወሰደ የት ሄደው እንደሚያነቡ አላውቅም። ይህን ለአቶ አገኘሁ አልነገርሁትም፤ ያውቀዋል፤ እሱም እንደዚያው ሆኖ ነው የተማረው።

የካቲት 26

ጾም ከገባ ሁለተኛ ቀኑ። ሁሉም ፊቱ ጠውልጓል።

የአያ ላቀውን መዝገብ አየሁት። ዳዊት የደገሙ ናቸውና ጽሕፈታቸው ከእኔ ይበልጣል፤ መጻፍ የሚያፍረውን ልጅ ስም ራሳቸው ይጽፉለታል። ቀን አለ፣ ስም አለ፣ ተራ ቁጥር ግን የለም። ለምን ተራ ቁጥር አይሰጡትም አልኋቸው።

«ሰው ይቆጠራል እንዴ አንተው? ከብቱስ ቢሆን መች ተቆጥሮ ያውቃል። አባቴ በረቱን ሲዘጋ በመልካቸው ነበር የሚያውቃቸው። አውድማ ላይ ‹ስንት ሆነ?› ያለ ሰው በረከቱን አስነሣው ይባላል። ስማቸው ይበቃል።»

«ታዲያ ስንት እንደሆኑ በምን ይታወቃል?»

«የቀረ ሲኖር ይታወቀኛላ።»

እውነት ነው፤ ትናንት ስንዱ ስትቀር ነገሩኝ። ስንዱ ከወገዳ ከተማ ማዶ ካለው ቆላ የመጣች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ናት። ወደ መስኮቱ ባለው ጠረጴዛ ሁልጊዜ ፊዚክስ ይዛ ትቀመጣለች፤ ሐኪም ካልሆንሁ ትላለች። ስልክ የላትም። እኛ ዘንድ መጽሐፍ የሚወስድ ሁሉ መያዣ ያስቀምጣል፤ መታወቂያ ያለው ተማሪ ስለሌለ ነጠላ፣ ቀበቶ፣ አንዱማ አንድ እግር ጫማውን ሰጥቶኝ በአንድ እግሩ እያነከሰ ሲያነብ ውሏል። ስልክ ያለው ስልኩን ይሰጣል። ስንዱ ነጠላዋን አጣጥፋ ታስቀምጣለች።

መጋቢት 3

እንዴት እስከ ዛሬ አላስተዋልሁትም! ስልክ ያላቸው ልጆች ገና ሲገቡ ስልካቸውን መያዣ ብለው ለእኔ ይሰጣሉ። መሳቢያዬ ውስጥ ነው የሚውለው። ታዲያ በምን ስካን ያድርጉ? ኮዱ የማያውቃቸው ስልኮቹ እኔ ጋ ስላሉ ነው።

ሰባቱን ስልክ ወደ በሩ ወስጄ ስካን አደረግሁላቸው። ገብተዋል እኮ፤ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ይህ ሥራዬ ነው።

መጋቢት 5

ሠላሳ ስምንት።

መጋቢት 10

አዲስ ደንብ አወጣሁ። እስከ ዛሬ መጽሐፍ ከግቢ አይወጣም ነበር፤ ከአሁን ወዲያ ለሁለት ለሦስት ቀን ቤት መውሰድ ይቻላል። መያዣው ግን ስልክ ብቻ ነው። መጽሐፉ ውድ ስለሆነ በነጠላ አይሰጥም። ልጆቹ አጨበጨቡ። ለተማሪው ጥቅም ሲባል የወጣ ደንብ ነው።

የስልካቸውን መክፈቻ በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ያስቀምጣሉ፣ ቢጮህ ለማንሣት።

መጋቢት 14

ስልኩ እኔ ዘንድ ካደረ፣ መጽሐፉም ልጁ ዘንድ ካለ፣ ልጁ ቤቱ ሆኖ እያነበበ ነው ማለት ነው። አንባቢ ነው፤ አንባቢ ይቆጠራል። ጠዋት ማንም ሳይገባ ሃያ ሁለቱን ስካን አደረግሁ። ቁጥሩን ትንሽ አገዝሁት እንጂ ከባዶ አልፈጠርሁትም።

ስልሳ አንድ።

መጋቢት 17

ቢሆነኝ የሚባለው ልጅ ስልኩን ሲወስድ ግራ ገብቶት አየኝ። «ጋሼ፣ እናቴ ጋ የምደውልበት ካርድ ሞልቼ ነበር፤ አልቋል። ሰው ነክቶት ይሆን?»

ስልክ ተቀምጦም ይበላል አልሁት። አመነኝ። ከመደርደሪያው ካርድ ፊዚክሱንና ሒሳቡን በእሱ ስልክ አውርጄበት ነበር፤ ካልወረደ አንብቧል አይባልም፣ አቶ አገኘሁ የሚያየው እሱንም ጭምር ነው። ነገ ካርድ ገዝቼ እሞላለታለሁ።

መጋቢት 19

ለቢሆነኝ ካርድ። አትርሳ።

መጋቢት 22

ስልኮቹን መሥሪያ ቤት ማሳደር ስለፈራሁ በከረጢት ቤት አመጣኋቸው። ባለቤቴ ብርነሽ ሽሮ እያማሰለች ከረጢቱን አየችው።

«ይኼ ሁሉ የማን ስልክ ነው?»

«የተማሪዎች። መያዣ ነው።»

«መያዣ ከሆነ ምን ታነካካዋለህ?»

«ቻርጅ አላቸው ወይ ብዬ ነው።»

ማማሰሏን ቀጠለች። «አባቴ በሬ መያዣ ተሰጥቶት ያውቃል፤ አብልቶ አጠጥቶ አኖረው እንጂ አላረሰበትም» አለችኝ። ነገር ትወዳለች። 

መጋቢት 25

ሰማንያ ሁለት! አቶ አገኘሁ ራሱ መጥቶ ጨበጠኝ። ናትናኤልም ደወለልኝ፤ ድምፁ ከደስታ የተነሣ ይቆራረጣል፣ ወይም ኔትወርኩ ነው። «ጋሽ እንየው፣ በአገሪቱ እንዲህ የሠራ ቤተ መጻሕፍት አላየሁም» አለኝ። 

በአያ ላቀው መዝገብ ዛሬ አምሳ ስምንት ስም አለ። ቆጠርሁት። ለምን እንደቆጠርሁት አላውቅም።

ሚያዝያ 3

ሰማንያ ስድስት። ሰማንያ አራት። ዘጠና። ልማድ ሆኗል፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ እጨርሰዋለሁ። አዳራሹ ተረፈ። ልጆቹ ያነብባሉ። የተጎዳ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ሚያዝያ 10

ልጆቹ ለትንሣኤ ወደየአገራቸው ሊሄዱ ነው፤ ለአሥራ አምስት ቀን መጽሐፍ የሚወስደው በዛ። ሠላሳ አንድ ስልክ ተቀበልሁ። መሳቢያው አልዘጋ ብሎኝ በጉልበቴ ገፋሁት።

ስንዱም መጣች። ፊዚክሱን ጠየቀች። ነጠላዋን አስቀድማ አጣጥፋ ነበር።

«ለቤት በነጠላ አይሰጥም ስንዱ። ደንቡ ተቀይሯል።»

«ጋሼ፣ ከነጠላው ሌላ ምንም የለኝም። አያ ላቀው ዋስ ይሆኑኛል።»

አያ ላቀው ከበሩ ሆነው ሰሙ። «እኔ አለሁላት አንተው። ይህች ልጅ ያንን መጽሐፍ ብትጥል እኔ እከፍላለሁ» አሉ።

ደንብ ደንብ ነው አልሁ። ለአንዷ ከተፈታ ለሁሉም ሊፈታ ነው፤ ሁሉም በዋስ ከወሰደ ስልኩ… መጽሐፉ ይጠፋል ማለቴ ነው። ነጠላዋን መልሳ ለብሳ ሄደች። ከአራት ሰዓት በላይ የሚያስኬድ መንገድ ነው ያለባት።



ሚያዝያ 18፣ ስቅለት

ከስግደት በፊት ቢሮ ደርሼ መጣሁ። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። አያ ላቀው ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ በር ላይ ተገናኘን። ከረጢቱን አዩት። «ዛሬም?» ብቻ አሉኝ።

ጉልበቴ እስኪላጥ ሰገድሁ።

ሚያዝያ 25

ተመለሱ። ስልካቸውን ወሰዱ፣ መጽሐፉን መለሱ። አንዱም አልጠፋም። ስንዱ ተመልሳ ወደ መስኮቱ ተቀምጣለች፤ ከስታለች። ሰላምታ ሰጠኋት፣ ብድግ ብላ ተቀበለችኝ። ልጆቹ ከአገር ቤት ያመጡትን ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። መብላት አቃተኝ፣ ለአያ ላቀው ሰጠኋቸው።

ግንቦት 1

ትልልቅ እንግዶች መጡ። አቶ አገኘሁ ወረቀት እያገላበጠ አስረዳ፤ በቀን ዘጠና አንባቢ፣ ከሁለት ሺህ በላይ የወረደ መጽሐፍ። አንደኛው ሰውዬ መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየኝና «ታዲያ ሁሉም አንባቢ ስልክ አለው ማለት ነዋ?» አለ።

«እንደሚታየው» አለ አቶ አገኘሁ።

«መጽሐፉም በየስልካቸው ነው ያለው?»

«እንደሚታየው።»

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። ራሴን ነቀነቅሁ። ምን ልበል? ዘጠና ብዬ ልኬ፣ እዚህ ከሚያነቡት ግማሹ ስልክ የለውም ልበል? ምሳ ጋበዙን። ምግቡ ጥሩ ነበር።

ግንቦት 5

ደብዳቤ መጣ። ሦስት ጊዜ አነበብሁት።

«…ተጠቃሚው ኅብረተሰብ በሙሉ አገልግሎቱን በእጅ ስልኩ ማግኘት መቻሉ ስለተረጋገጠ፣ የንባብ አዳራሹ ከግንቦት 12 ጀምሮ ለስብሰባ አገልግሎት እንዲውል፣ መጻሕፍቱ በመጋዘን ታሽገው እንዲቀመጡ፣ ኮዶቹም በግቢው የውጭ በር ላይ እንዲለጠፉ…»

ቁጥሩ ባይሞላ ይወስዱብኝ ነበር። ስለሞላም ወሰዱብኝ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እናቴ እኔን ስትገሥጽ የምትለው ነበር።

ግንቦት 7

የአያ ላቀውን መዝገብ ወደ ቤት ወሰድሁት። እዚያ በር ላይ አቧራ ይበላዋል። ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጥሁት። ብርነሽ ምንድን ነው ስትለኝ የቆየ ወረቀት ነው አልኋት።

ግንቦት 8

ልጆቹ ሰልፍ ይዘው ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። ተወካያቸው ስንዱ ናት። አቶ አገኘሁ እኔንም አስጠራኝ፤ ከጎኑ ተቀመጥሁ። ይህን ሁሉ ዛሬ ካልጻፍሁት ነገ አስተካክዬ ነው የምጽፈው፣ ራሴን አውቀዋለሁ።

ስንዱ ቆማ ነው የተናገረችው። ድምፅዋ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ጸና። «ስልክ አላቸው ተብሎ የተጻፈው እኛን አይመለከትም። እኛ ስልክ የለንም። ፈተናው አንድ ወር አልቀረውም። እስከ ሰኔ 3 ብቻ ታገሡን፣ ከዚያ በኋላ ይሁንላችሁ።»

አቶ አገኘሁ ወረቀቱን ገለጠላት። «እዚህ ላይ ስልክ የሌለው አንባቢ የለም። ከየት መጣችሁ ልበል?»

«ስማችን በአያ ላቀው መዝገብ አለ። ከጥቅምት ጀምሮ በየቀኑ ጽፈናል። መዝገቡ መጥቶ ይታይልን።»

እዚህ ላይ አቶ አገኘሁ ወደ እኔ ዞሮ «መዝገብ አለ?» አለኝ።

መዝገቡ ቁም ሣጥኔ ላይ ነበር። ቢመጣ እነስንዱ እንዳሉ ይታያል። ከኮዱ ጋር ጎን ለጎን ቢቀመጥ ግን የመጋቢት 25ቱ አምሳ ስምንትና ሰማንያ ሁለት ይታያል። ሌላውም ቀን ሁሉ ይታያል። አሥራ አንድ ዓመት፣ ደመወዜ፣ ብርነሽ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ በራሴ ውስጥ አለፈ።

«ኮዱ ከመጣ ወዲህ ቀርቷል» አልሁ።

ስንዱ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ የተሳሳትሁ መስሏት ልታስታውሰኝ ሞከረች። «ጋሼ፣ ትናንት ጠዋት እኮ ጽፌያለሁ። እርስዎም በአጠገቤ አልፈዋል።»

«መዝገብ የለም» አልሁ።

ወጡ። ልጅቱ የመዋሸት ልማድ ያለው ሰው አድርጋ አላየችኝም፤ ያ ነው የከፋው።

ግንቦት 9

ዝናብ። አያ ላቀው መዝገቤ ጠፋ ብለው ጠረጴዛ ሥር ሳይቀር ፈለጉ። አብሬያቸው ፈለግሁ።

ግንቦት 12

መጻሕፍቱን በማዳበሪያ ከረጢት ከተትናቸው። ፊዚክሱ አራት ቅጂ ነው፤ አራቱንም አንድ ከረጢት ውስጥ አደረግሁ፣ ከላይ በኩል። ለምን ከላይ እንዳደረግሁት… እንጃ። መጋዘኑ ታሸገ። ቁልፉ አቶ አገኘሁ ዘንድ ነው። ኮዶቹ የግቢው የብረት በር ላይ ተለጥፈዋል፤ ዝናቡ አንደኛውን አላቀቀው፣ አያ ላቀው አንሥተው በሙጫ መለሱት።

ግንቦት 14

ኔትወርክ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ስልክ ያላቸውም በሩ ላይ ቆመው ስካን ያደርጋሉ፣ ክቡ ይዞራል ይዞራል፣ ምንም አይወርድም። ስንዱ ከቢሆነኝ ጎን ቆማ የእሱን ስልክ አንገቷን አስግጋ ታያለች። በዝናብ።

እኔን ስታይ መጣች። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ፊዚክሱን ለሳምንት። እዚያው መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ላንብበው፣ ይዤ አልወጣም።»

«ቁልፉ እኔ ዘንድ አይደለም።»

«ይጠይቁልኝ።»

«እሺ። ነገ።»

ግንቦት 15

አቶ አገኘሁ ስብሰባ ላይ ነው። በአዳራሹ።

ግንቦት 16

እንደገና ስብሰባ። ውጭ ሆኜ ጠበቅሁት፤ ሲወጣ ሰው ከቦት ነበር። ነገ ይሻላል ብዬ ተመለስሁ። ሄጄ አልጠየቅሁም እንዳይባል ሄጃለሁ።

ግንቦት 18፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ አያ ላቀው ቅጥሩ ሥር ያዙኝ። የሚጠብቁት አዳራሽ ስለሌለ ከሥራ ሊያሰናብቷቸው ነው፤ ስለ እሱ ያወሩኛል ብዬ ነበር።

«መዝገቡ አንተ ዘንድ ነው» አሉኝ። «አልጠይቅህም፣ አውቃለሁ። ያን ቀን አብረኸኝ ስትፈልግ እንኳ ቀና ብለህ አላየኸኝም።»

አያ ላቀው ቀጠሉ።

«በስቅለት ዕለት ከረጢት ይዘህ ስትገባ፣ ከጌታ ስግደት የሚበልጥ ምን ጉዳይ ኖሮት ነው ብዬ ነበር። ልጄ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ጥበቃ ባልሆን ልጆቼ አሉኝ። እነዚያ ግን ከቆላ ድረስ ስንቅ ተሸክመው የመጡት ለዚያ ጠረጴዛ ነበር። ስማቸውን ምን ብለህ ትቀብረዋለህ?»

ሄዱ። ቤት ገብቼ መዝገቡን አወረድሁት። ስንዱ ስሟን የጻፈችበትን ሁሉ አየሁ፤ የ«ዱ»ን እግር ረዘም አድርጋ ነው የምትጽፈው። ብርነሽ ሳለቅስ አገኘችኝ። ሁሉንም ነገርኋት። «ነገ ጠዋት ሂድ» አለችኝ፣ «ቁርስ ሳትበላ ሂድ፣ በልተህ ከሆነ ትተወዋለህ።»

ግንቦት 19

ቁርስ ሳልበላ ሄድሁ። መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ተናገርሁ። መሳቢያውን፣ ከረጢቱን፣ ደንቡን ለምን እንዳወጣሁት፣ ስንዱ እውነቷን እንደነበረ።  እንደሚያባርረኝ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ልክ ይሆናል ብዬ ተመኝቼውም ነበር።

አቶ አገኘሁ በሩን ዘጋና ተቀመጠ። መዝገቡን አልገለጠውም።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ምኑን?»

«በስቅለት ዕለት ሠላሳ አንድ ሰው ቤተ መጻሕፍት ገባ ይላል። በስቅለት፣ እንየው! ከተማው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነበር። እኔ ራሴ ከኋላህ ስሰግድ ነበር። አዲስ ሰው ቢሆን ያልፈዋል፤ የዚህ አገር ሰው እንዴት ያልፈዋል? ያን ቀን ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ልጆቹ መዝገብ ይታይልን ሲሉ ለምን ዝም አሉ?»

«አንተ ለምን ዝም አልህ?»

 መልሴን ሳይጠብቅ ቀጠለ። አዳራሹ ተሰጥቷል አለ። ወንበሩ ተቀይሯል፤ ሪፖርቱ ወደ ላይ ሄዷል፤ በምሳሌነት ተይዟል፤ አሁን ሐሰት ነበር ቢባል አንተ ብቻ አትወድቅም አለኝ። መዝገቡን በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ ወደ እኔ መለሰው፣ ድሮ ብርድ ልብሱን ሲያካፍለኝ እንደነበረው። «ሰኔ 10 ወገዳ ላይ ለሌሎች ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ሥልጠና አለ። የምትሰጠው አንተ ነህ። ተዘጋጅ።»

የመጋዘኑን ቁልፍ ግን ለመንሁት። የፈለግኸውን መጽሐፍ አውጣ ብሎ ሰጠኝ። ይኼን ያህል ቀላል ነበር። ባለፈው ሐሙስ ብጠይቀው ሐሙስ ይሰጠኝ ነበር።

ግንቦት 20

ፊዚክሱን ይዤ የስንዱን ቤት ፈለግሁ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው። የቤቱ ባለቤት እማማ አስካለ ጉልት ሊወጡ ሲሉ ደረስሁባቸው።

«ስንዱ? ዓርብ ሄደች እኮ፣ ወደ አገሯ።»

«ፈተናው ደርሷል እኮ እማማ!»

«ብያት ነበር። ‹የማነብበው ከሌለ ስንቄን ለምን እዚህ እጨርሳለሁ› አለችኝ። የቀራትን በሶ ለጓደኞቿ አካፍላ፣ ክፍሉን ጠርጋ ሄደች። ለፈተናው እመጣለሁ ብላለች፤ ወንዙ ካልሞላ።»

ዓርብ ማለት ግንቦት 16 ነው። እኔ አዳራሹ ደጃፍ ቆሜ ነገ ይሻላል ያልሁበት ቀን።

መጽሐፉን ለሚሄድ ሰው ልልክላት ገበያ ወጣሁ። ከዚያ በኩል የመጣ ሰው አላገኘሁም፤ ዝናቡ ከባድ ነው፣ መንገዱ ተቆርጧል ይላሉ።

ግንቦት 27

አያ ላቀው ተሰናበቱ። የሰጡኝ ነገር ቢኖር የበሩን ወንበር ነው፤ የራሳቸው ነበር።

ሰኔ 3

ፈተናው ተጀመረ። ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሲገቡ አየሁ። ቢሆነኝ ሰላም ብሎኝ አለፈ። ፊዚክሱ በብብቴ ነበር፣ ዛሬ ምን ሊረባ። ስንዱን ሳላያት በሩ ተዘጋ።

ከሰዓት ከፈታኞቹ አንዱን መንገድ ላይ አገኘሁት። ጥሩ ነው፣ ሁለት ብቻ ናቸው የቀሩት አለኝ። ስም አልጠየቅሁትም። እሱም አላለኝም።

ሰኔ 6

ምንም አልጻፍሁም። ብርነሽ መጠየቅ ትታለች።

ሰኔ 10፣ ወገዳ

ከጋይንትም፣ ከእስቴም፣ ከዚሁ ከወረዳችን ከስማዳም የመጡ ሃያ የሚሆኑ ሠራተኞች ነበሩ። መካነ ኢየሱስ ከተማ ድረስ ዝናዬ ደርሷል፤ አንዱ እጄን ይዞ አልለቅም አለ። ኮዱን አሳየኋቸው። የበሩን፣ የመደርደሪያውን። ቁጥሩን በሰሌዳ ላይ ጻፍሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ማስተማር ድሮም እችልበታለሁ።

በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ወጣት እጇን አነሣች። ገጠር ውስጥ ካለ ትምህርት ቤት ነው የመጣችው፤ ጫማዋ ጭቃ ነበር። ተነሥታ፣ ላስቸግርዎ ነው ይቅርታ ብላ ጀመረች።

«ስልክ የሌላቸው አንባቢዎችስ? እናንተ ዘንድ እነሱን ምን አደረጋችኋቸው?»

ሁሉም ብዕራቸውን ይዘው ይጠብቁኝ ነበር። አቶ አገኘሁ ከፊት ወንበር ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል።

«እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ አንባቢ አልገጠመንም» አልሁ።

ጻፉት። እሷም አመሰግናለሁ ብላ ተቀምጣ ጻፈችው።